እትዬ ከድጃ ጎማ ሲያማርጡ

ሰው መፍራት የሚያቆመው በስንት ዓመቱ ይመስላችኋል? እኔ ሳስበው ሳስበው የሚያቆም አይመስለኝም፤ የሚፈራውን ብቻ ይለዋውጣል። ልጅ ሆነን ጅብ እንፈራለን። ስንጎረምስ ሰው ይስቅብናል ብለን እንፈራለን። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ መውደቅን እንፈራለን። መውደቅ ስላችሁ ከሥልጣን መውደቅን ማለቴ አይደለም፤ እሱን የሚፈሩት በዚያን ዘመን ሌላ ሰፈር ነበሩ። እኔ የምላችሁ ሜዳ ላይ መዘርጋትን ነው። ልጅ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ አቧራውን ያራግፋል፣ አለቀ። አዋቂ ሲወድቅ ግን መጀመሪያ የሚያየው ጉልበቱን ሳይሆን ዙሪያውን ነው፤ ማን አየኝ ብሎ። አዋቂ ሰው ብስክሌት መማር የሚከብደውም ለዚሁ ነው። የሚቸግረው ሚዛኑ አይደለም፣ ይሉኝታው ነው።

ባሕር ዳር ደግሞ ለይሉኝታ አትመችም። አገሩ ሜዳ ነው፤ ማን በየት እንደ ወደቀ ከሐይቁ ዳር እስከ ዓባይ ድልድይ ይታያል። በደርጉ ጊዜ፣ ቤንዚን በራሽን በሆነበት ሰዓት፣ ከተማው በፔዳል ነበር የሚሄድ። ፋብሪካችን አሥር ሰዓት ላይ ጡሩምባውን ሲነፋ ከበሩ የሚወጣው የብስክሌት ብዛት መንገዱን ሞልቶ በዘንባባው ሥር ይጎርፍ ነበር። እኔ ፋብሪካው ጥገና ክፍል እሠራ ነበር፤ በሰፈሬ በዓባይ ማዶ ደግሞ ያለ ደመወዝ የብስክሌት ሐኪም ነበርሁ። ካቴና የተበጠሰበት፣ ጎማ የፈነዳበት፣ ፍሬን የከዳው ሁሉ "ጌታሁን አለ?" እያለ ደጄን ያንኳኳል። ባለቤቴ የሺ "ያገባኸው እኔን ነው ወይስ የሰፈሩን ብስክሌት?" ትለኝ ነበር።

ወጌን በቀልድ ጀመርሁት እንጂ በዚያን ዓመት ልቤ ከእኔ ጋር አልነበረም። ሙሉቀን የሚባል አንድ ታናሽ ወንድም ነበረኝ። እናትና አባታችን ቆላ ድባ ላይ ተከታትለው ሲሞቱብን እሱ የስድስት ዓመት ልጅ፣ እኔ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ። አዝዬ ነው ባሕር ዳር ያመጣሁት ብላችሁ ብዙም አልዋሸሁ። አሳደግሁት፣ አስተማርሁት፤ አሥራ ሁለተኛን በጨረሰ በወሩ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄደ። መጀመሪያ መጀመሪያ በየሦስት ሳምንቱ ይጽፍልን ነበር። ከመስቀል ወዲህ ግን ደብዳቤው ቀረ። እኔም ከሥራ እንደ ወጣሁ፣ ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ልድረስ ብዬ እየበረርሁ እሄዳለሁ፤ የለም ተብዬ እመለሳለሁ። ኋላ ኋላ የፖስታ ቤቱ ሰው ገና ከበሩ ሲያየኝ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። የሺ በዚያን ጊዜ ከባድ ነፍሰ ጡር ናት። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባት ስለ ነበር ሰፈሩ በሙሉ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚጠብቃት፤ ደንግጣ ሦስተኛውንም እንዳታጣው እየተባለ በግቢያችን ጮክ ብሎ የሚያወራ እንኳ አልነበረም።

እንዲህ ባለ ሰሞን ነው እትዬ ከድጃ የመጡብኝ።

እትዬ ከድጃ ጎረቤታችን ናቸው፤ ግቢያቸው ከእኛ ሦስት አጥር አለፍ ብሎ ነው። የወረታ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ገበያ ውስጥ ያለውን የጨርቅ ሱቅ ብቻቸውን ያቆሙ፣ ወፈር ያሉ፣ አሥር ነጋዴ ተሰብስቦ የማያታልላቸው ሴት ናቸው። ግን ፈሪ ናቸው። የዓባይን ድልድይ ሲሻገሩ ወደ ውሃው አያዩም። ሐይቁ ዳር ሃያ ዓመት ኖረው ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም። ብስክሌት ከሩቅ ሲመጣ ካዩማ ከመንገዱ ወርደው፣ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው፣ እንደ ንጉሥ ሠረገላ ያሳልፉታል። እኒህ ሴት አንድ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ፋብሪካው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"ጌታሁን፣ ብስክሌት ልማር ነው" አሉኝ።

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

"ጉልበቴ ከዳኝ። ከዓባይ ማዶ ገበያ ድረስ በእግር መመላለሱን አልቻልሁትም። ሁለት ጎማው እንደሆነ አይሞከርም፤ ሦስት ጎማ ያለው አለ አሉ። አንተ ምረጥልኝ። ዛሬውኑ።"

"ነገ ይሁንልኝ እትዬ፣ ፖስታ ቤት መድረስ አለብኝ።"

"የፖስታ ቤቱ ሰው ከሱቄ አይጠፋም፤ እኔ እጠይቅልሃለሁ" አሉና የብስክሌቴን መሪ በሁለት እጃቸው ጭምድድ አድርገው ያዙ። ብስክሌት የሚያህል ነገር በሕይወታቸው ነክተው የማያውቁ ሴት መሪዬን ይዘው አልለቅ ሲሉ አንድ ነገር መጠርጠር ነበረብኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እኔ ግን ንግድ ሰውን ደፋር ያደርጋል ብዬ ተከተልኋቸው።

እንግዲህ ስለ ባለ ሦስት ጎማ ጥቂት ላውጋችሁ፤ ከመካከላችሁ ፈሪ አክስት ያለው ቢኖር ይጠቅመዋል። በዚያን ጊዜ ሱቅ ገብቶ ይኸኛውን ስጡኝ ማለት የለም። ያለው ከሌላ የተረፈ ነው፣ አለዚያም የሚበየድ። ሐይቁ ዳር ሾላ ሥር ብስክሌት የሚጠግን ጋሽ ወርቁ የሚባል ሽማግሌ ነበርና ወደ እሱ ወሰድኋቸው። መጀመሪያ ያሳየን ድሮ ዳቦ ይመላለስበት የነበረ ነው፤ ሁለቱ ጎማ ከፊት፣ በመካከላቸው የዳቦው ሣጥን። እትዬ ከድጃ "ቢስሚላህ" ብለው ወጡበት፣ መሪውን ሲያዞሩት ሣጥኑ በሙሉ ከነጎማው ተገላምጦ ዞረ፣ እሳቸውም ጮኸው ወረዱ። "ቤት ነው እንዴ የምነዳው?" አሉ። እውነታቸውን ነው። ፈሪ ሰው የፊት ጎማውን ማየት አለበት፤ ወዴት እንደሚወስደው ካላየ አያምነውም።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት በሩ ላይ ናቸው። ጋሽ ወርቁ ተራውን ብስክሌት ከጎንና ከጎኑ ሁለት ትንንሽ ጎማ በይዶበት ጠበቀን፤ የልጆች ዓይነት። አደራችሁን ይኸን ለአዋቂ እንዳትገዙ። ሁለቱ ትንንሽ ጎማዎች እኩል መሬት አይነኩም፤ አንዴ ወደ ቀኝ ጋደል፣ አንዴ ወደ ግራ ጋደል ያደርጋል። ወድቄያለሁ ሲሉ አልወደቁም፣ ዳንሁ ሲሉ አልዳኑም። እትዬ ከድጃ አሥር እርምጃ ሄደውበት ወረዱና "እንዲህ ከምሰጋስ አንደኛዬን ብወድቅ ይሻለኛል" አሉ።

ሦስተኛው ነው ደህናው። ሁለቱ ጎማ ከኋላ፣ አንዱ ከፊት፣ መቀመጫው ዝቅ ያለና ተቀምጠውበት ሁለቱም እግር መሬት የሚረግጥ። ፈሪ ሰው ፍሬን አያምንም፤ የሚያምነው የገዛ እግሩን ነው። ይኸ ግን በእጅ አልነበረም፤ ጋሽ ወርቁ ከሁለት አሮጌ ብስክሌት አውጥቶ እስኪበይደው አንድ ሳምንት ፈጀ። በዚያ ሳምንት ውስጥ አንድም ቀን አላመለጥኋቸውም። አንድ ቀን መቀመጫው ይለካ ነው፣ አንድ ቀን ቀለሙ ይመረጥ ነው፣ አንድ ቀን ደወሉ ድምፁ ቀጭን ነው ይቀየር። አረንጓዴ ይሁን ብለው ተቀብቶ ሲያልቅ አረንጓዴ አልወድም አሉ። ጋሽ ወርቁ ምንም ነገር የማያስከፋው ሰው ነው፤ ዝም ብሎ ቡርሹን ያጥባል። እኔ ግን እበግን ነበር። "እትዬ፣ ባል ሲመርጡም እንዲህ ነበር?" ብያቸዋለሁ። ከአሥር ሰዓት እስከ ፀሐይ መግቢያ እዚያ ሾላ ሥር እገተራለሁ፤ ፖስታ ቤቱ ይዘጋል። ማታ ማታ "ጠየቁልኝ?" ስላቸው "አልመጣም፣ ይመጣል" ይሉኛል፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው።

ማታ ቤት ስገባ ግን ብግነቴ ወደ ቀልድ ይለወጣል። የሺ ራቴን አቅርባ "ዛሬስ እትዬ ከድጃ የቱን መረጡ?" ትለኛለች። እኔም ተነሥቼ እየሄድሁ፣ እየተንገዳገድሁ፣ ድምፃቸውን እያስመሰልሁ አሳያታለሁ። ሆዷን ይዛ ትስቃለች። አንዳንድ ቀን ዓይኗ ቀልቶ አገኛትና "ምን ሆነሻል?" ስላት "እንቅልፍ አጥቼ ነው፤ ልጅህ ይራገጣል" ትለኛለች። እኔም አመንኋት። እርጉዝ ሴት ምን እንደምትሆን እኔ በምን አውቃለሁ?

ባለ ሦስት ጎማው ተሠርቶ ሲያልቅ ሐይቁ ዳር ካለው ሜዳ ላይ ትምህርት ጀመርን። መጀመሪያ እኔ ልሞክረው ብዬ ወጣሁበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ብስክሌት የሚችል ሰው ባለ ሦስት ጎማ አይችልም። ባለ ሁለቱ ሲታጠፍ ከሰውዬው ጋር ይጋደላል፤ ባለ ሦስቱ አይጋደልም፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ በእጅ ማዞር ነው። እኔ ታዲያ በለመድሁት ሰውነቴን ወደ ቀኝ ባጋድል አልታጠፍ አለና ይዞኝ ደንገሉ ውስጥ ገባ። ከጭቃው ስወጣ እትዬ ከድጃ እየሳቁ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ዕለት ነው። ሳቁ መካከል ላይ ተቆረጠና በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አቧራ ነው አልሁ በልቤ።

ምንም የማያውቁት እሳቸው ቀጥ ብለው ሄዱበት። እያላባቸው፣ "አላህዬ፣ አላህዬ" እያሉ ሄዱ። አንድ ቀን ከሜዳው ጠርዝ ካለች ትንሽ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ረስተው ተገለበጡና ክንዳቸው ተላጠ። ከእንግዲህስ በቃዎት ስላቸው ደሙን በእጃቸው አብሰው "ነገም በአሥር ሰዓት" አሉኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልሁ ተረትሁባቸው። ብዙ ሳቅሁ ያን ሰሞን። ከሙሉቀን ሀሳብ ትንሽም ቢሆን ያረፍሁት እዚያ ሜዳ ላይ ነው፤ አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የሺ በሰላም ወንድ ልጅ ተገላገለች። እልል ተባለ። እኔ የዚያኑ ዕለት ለሙሉቀን "አጎት ሆነሃል፤ ጆሮው ያንተን ነው የሚመስል" ብዬ ደብዳቤ ጻፍሁለት። ፖስታ ቤት ልሄድ ስል እትዬ ከድጃ "አንተ አራስህን ጠብቅ፤ እኔ እጥልልሃለሁ" ብለው ተቀብለው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ሲወጡ የበሩን መቃን ገጩ። ባለ ሦስት ጎማው ነው አልሁ፣ ገና አልለቀቃቸውም።

የሺ ከወለደች አሥር ቀን ያህል ሆኗታል። ጎሕ ሲቀድ በር ተንኳኳ። የጎረቤት ሰው ነው። "ጌታሁን፣ እትዬ ከድጃ ከነብስክሌታቸው ቦይ ገቡ፤ ቶሎ ድረስ" አለኝ። በዚህ ማለዳ ምን ሊያደርጉ ወጡ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁ። መፍቻዬን ይዤ ሮጥሁ። ግቢያቸው ስገባ ባለ ሦስት ጎማዋ አጥሩን ተደግፋ፣ ደረቅ፣ ደህና፣ ቆማለች። ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። የነፍስ አባቴ አሉ። የጥገና ክፍሉ አለቃዬ አለ። ጋሽ ወርቁ አለ። እኔ መፍቻ ጨብጬ ከመካከላቸው ቆሜአለሁ። የኛ አገር ሰው ጎሕ ሲቀድ ነጭ ለብሶ ለምን እንደሚሰበሰብ ለማንም አይነገርም፤ የፈሩት ይደርሳል። አንዱ ሽማግሌ ተነሥተው መፍቻውን ከእጄ ወሰዱና "ተቀመጥ ልጄ። ሙሉቀን አርፏል፤ እግዚአብሔር ያጥናህ" አሉኝ።

ያለፈው ሁሉ ያኔ ተነገረኝ። ከሃያ ስድስት ቀን በፊት አብሮት የነበረ ቁስለኛ ወታደር በከተማው ሲያልፍ መርዶውን ይዞ መጥቶ ኖሯል። እትዬ ከድጃ ከወታደሩ ሰሙ፣ ለሽማግሌዎች ነገሩ። ሽማግሌዎቹም መከሩ። ለእሱ ብንነግረው የሺ ትሰማለች፤ የሺ ከሰማች ልጁ ይጨነግፋል፤ ስለዚህ እስክትገላገል ሆድ ይፍጀው ተባለ። ከወለደች በኋላም ክርስትናው እስኪደርስ ሊያቆዩት ነበር፤ ግን የሙሉቀን አርባ ሊሞላ ሳምንት ቀረው፣ ፍትሐቱ ሳይደረግለት እንዳያልፍ ብለው ነገሩኝ። "አሁንም አራሷ እንዳትሰማ፣ ቀስ ብለህ" አሉኝ። እስቲ ንገሩኝ፣ ያሳደጉት ልጅ በሹክሹክታ እንዴት ይለቀሳል? ጋቢዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስሁ። ሲበቃኝ ወደ እትዬ ከድጃ ዞርሁ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ የተላጠ ክንዳቸውን በሌላው እጃቸው ይዘው፣ መሬት መሬት ያያሉ።

"ወንድሜ አፈር ለብሶ እርስዎ ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ አሳቁኝ" አልኋቸው።

"አዎ፣ አስቄሃለሁ" አሉ። "የተለመንሁት እሱን ነው። ደብዳቤህም እኔው ዘንድ ነው።"

ማን ለመናቸው ብዬ አልጠየቅሁም፤ ሽማግሌዎቹ ናቸው ብዬ ነው። ያን ሰዓት ሁሉንም ጠላኋቸው፤ በተለይ እሳቸውን። ፊቴን አስታጠቡኝና ወደ ቤቴ ሸኙኝ። ሦስቱን አጥር ሳልፍ የምዋሸውን ውሸት አዘጋጀሁ፤ ቦይ ገብተው ነው፣ ካቴናው ተበጥሶ ነው፣ ጭቃ ዓይኔ ገብቶ ነው። የተታለልሁበትን ሙያ በአንድ ማለዳ ተማርሁት ማለት ነው።

የሺ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ልጁን ታጠባለች።

"ቦይ ገብተው ነው" አልኋት። "ካቴናው…"

"በሩን ዝጋው" አለችኝ።

ዘጋሁት።

"ነገሩህ?"

እንዳትሰማ የተባለችው እሷ ራሷ ጠያቂ ሆነች። ሁሉንም ተረጋግታ ነገረችኝ። ቁስለኛው ወታደር መጀመሪያ የመጣው ወደ እኛ ቤት ነው። እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ። መርዶው የተጻፈበትን ወረቀት የተቀበለችው እሷ ናት፤ ብቻዋን፣ ከነሆዷ። አንብባ ስትጨርስ ወታደሩን ይዛ ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ከድጃ ዘንድ ሄደች። "እሱ ፊቴን ካየ ያውቃል፤ ካወቀ ይሞትብኛል። እኔ ደግሞ ካላለቀስሁ ልጁ ይሞትብኛል። ከአሥር ሰዓት እስከ ማታ ያዙልኝ፤ በፈለጉት ነገር ያዙልኝ" ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች። ወታደሩ በቀጥታ እሳቸው ዘንድ እንደ መጣ አድርገው ለሽማግሌዎቹ እንዲናገሩም ያስማለቻቸው እሷ ናት። እትዬ ከድጃ ከዓለም ሁሉ አብልጠው የሚፈሩትን ነገር መረጡ፤ እኔን ያን ያህል ሰዓት ሊያቆመኝ የሚችል ሌላ ነገር አላገኙማ።

እኔ ሐይቁ ዳር ስስቅ የሺ በጎኗ ተኝታ፣ ትራሷን ነክሳ፣ ሆዷ እንዳይጨነቅ በቀስታ ታለቅስ ነበር። ፀሐይ ስትገባ ተነሥታ ፊቷን ትታጠብና ራቴን ታቀርባለች። "ዛሬስ የቱን መረጡ?" ትለኛለች። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ እንባውን ሰዓት ቆርጦለት የሚያፈስስ ሰው ግን ከሷ በቀር አላውቅም። ሙሉቀንን ስናገባ ያገኘችው የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ነው። ጥርሱ ሲወልቅ ጣራ ላይ የጣለችለት እሷ ናት። እኔ ወንድሜ እያልሁ ሳለቅስ እሷ ልጇን መቅበሯ ነበር፤ ይኸ ያን ጠዋት ነው የገባኝ።

አጠገቧ ተቀመጥሁ። ልጁን ከጡቷ አለያይታ ወደ እኔ ዘረጋችው።

"ያዝልኝ እስቲ" አለችኝ። "አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ ላልቅስ።"

ተቀበልኋት። ሃያ ስድስት ቀን የታፈነ ለቅሶ ምን ያህል እንደሚሰማ እንግዲህ ገምቱት፤ ድልድዩ ላይ ያለው ዘብ ሳይቀር ሰምቷል አሉ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እየጎተቱ እየሮጡ መጡ። አራሷ ፀጉሯን እየነጨች፣ እኔ ልጁን አቅፌ ስንጮህ ሲያዩ ሁሉም በአንድ ዓይን አዩኝ። "አንድ ቀን እንኳ መያዝ አቃተህ?" አሉኝ። የሺ ለመናገር ትንፋሽ አልነበራት። እኔም መልስ አልሰጠሁ፤ ከኋላቸው የቆሙት እትዬ ከድጃም ዝም አሉ። ይኸውና እስከ ዛሬ ዓባይ ማዶ ስሜ ሲነሣ ምስጢር የማይቋጥር፣ አራስ ሚስቱን ለአንድ ቀን ያልታገሠ ሰው እየተባልሁ እታማለሁ። ይበሉ፤ እኛ ሦስታችን ግን እናውቃለን።